ጋሽ ጆሮና የክላክስ ብዕር

ቅጽል ስም አንድ ክፋት አለው፤ ያስወጣው ነገር ሲያልቅ እሱ አያልቅም። ቀጭኑ ይወፍራል፣ ሯጩ ያነክሳል፣ ስሙ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጠዋት ማታ ይጠራቸዋል። የዚህ ታሪክ ባለቤት ጋሽ ጆሮ ይባላል። ሜካኒክ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ብቻ ናቸው።

ጆሮ ያሰኘው የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሆነ ነገር ነው። ሦስት ጋራዥ ዞሮ መድኃኒት ያጣ ባለመኪና በበሩ ሲያልፍ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብሎን የሚያጥበው ወጣት ቀና እንኳ ሳይል «የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ላልቷል፤ ነገ አምጣው» አለው። ሰውየው ነገን አልጠበቀም፤ እዚያው አቆመው። ሲከፈት ሦስተኛው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ራሱን ችሎ ሄደ። አንዳንዱማ መኪናው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሕመሙን ይሰማል እስከ ማለት ደረሰ። ወሬ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ዳገትም አይከብደው።

ጋራዡ ሰፊ አይደለም። የቆርቆሮ በር፣ ዘይት ሲጠጣ የኖረ ጥቁር መሬት፣ ከግድግዳው ጋር የተደረደሩ ያረጁ ጎማዎች፣ መፍቻዎቹ በየቁመታቸው የተሰቀሉበት ሳንቃ፣ ይኸው ነው። በሥራ ቀን እንደማንኛውም ጋራዥ ይንኳኳበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጋራዥነቱ ይቀርና ሸንጎ ይሆናል። አሮጌ መኪና የሚወዱ አሥር አሥራ ሁለት ሰዎች፣ የሚጠገን ያለውም የሌለውም፣ መኪኖቻቸውን ፊት ለፊት አቁመው ይሰበሰባሉ። የሚሰበሰቡት ለመናደድ ነው።

የሚያናድዳቸው ሰው በሳምንታዊ ጋዜጣ ስለ መኪና የሚጽፍ ጋዜጠኛ ነበር። አይተውት አያውቁም። ያለ ምክንያት ይጮሃል ብለው ክላክስ ብለውታል። ክላክስ አንድ ጊዜ፣ ነጭ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለም መምረጥ ያቃተው ሰው ነው ብሎ ጻፈ፤ ከሸንጎው አምስቱ ነጭ ነበራቸው። ሌላ ጊዜ፣ መኪናውን በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው መኪናውን እንደ አማቱ የሚፈራ ነው አለ። አሮጌ መኪናን ደግሞ «በዘር የሚተላለፍ ሕመም እንጂ ውርስ አይደለም» አለው። ይህን ያነበቡ ለት ሁለት ሰዎች ደም ግፊታቸውን ለመለካት ወደ ፋርማሲ ሄዱ። ፋርማሲስቷ ራሷ የሸንጎው አባል ስለነበረች የሷም ተለካ፤ ከሁለቱ በልጣ ተገኘች።

ሰው ከሚወደው ነገር ይልቅ የሚወደውን የሚነካበት ሰው ይበልጥ ያስተሳስረዋል። ክላክስ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሰዎች በሁለት ወር ውስጥ በተበተኑ ነበር። ይህን ግን ማንም አይናገርም፤ ማን ጠላቱን ያመሰግናል?

ጽሑፉን የሚያነብላቸው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ዕድሜዋ ከልጆቹ የሚበልጥ ሰማያዊ መኪና አለችው፤ ኮፈኗን ተደግፎ፣ ጋዜጣውን እንደ ካርታ ዘርግቶ፣ ጎላ አድርጎ ያነባል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ አንቀጹ ሳያልቅ ማቋረጥ አይፈቀድም። አንቀጹ ሲያልቅ ግን ሁሉም ባንድነት ይናገራል።

የዚያን ሳምንት ጽሑፍ ርእስ «ሞተር አይናገርም» የሚል ነበር።

«በየጋራዡ፣» ብሎ አነበበ መምህሩ፣ «ጭንቅላቱን ከኮፈን ሥር ቀብሮ እንደ ሐኪም ዓይኑን የሚጨፍን ሰው አለ። ደንበኞቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁታል። እኔ ግን እላለሁ፤ ሞተር አይናገርም። የሚናገረው ባለቤቱ ነው። ያ ሰው የሚያዳምጠው የባለመኪናውን ፊት ነው። እስቲ ባለመኪናውን ወደ ቤቱ ሸኙትና ያ ጆሮ ምን እንደሚሰማ እንይ።»

አንቀጹ አለቀ። ግቢው ተቀወጠ። ይህ እኮ በቀጥታ ጋሽ ጆሮን ነው፤ ስሙን መጥራት ነው የቀረው። ስለ ነጭ መኪና ሲሰደቡ የተቆጡት ሰዎች አሁን በጋሽ ጆሮ ሲመጣባቸው እንደ ቤተሰብ ጠብ አደረጉት።

ጋሽ ጆሮ ብቻ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ የመምህሩን ከንፈር ትክ ብሎ ሲያይ ቀረ። በውሸት የሰደቡት ሰው ይስቃል፤ በእውነት የሰደቡት ነው ፊቱ የሚጠቁረው። «ማን ነገረው?» አለ በልቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጆሮ ከሁለት ዓመት ወዲህ አይሰማም። ጨርሶ አይደለም፤ ወፍራም ወፍራሙ ይደርሰዋል፣ ቀጫጭኑ ነው የራቀው። መጀመሪያ ከጣራው ላይ የሚንጫጩት ወፎች ጠፉ፤ ሰፈር የቀየሩ መሰለው። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ሄደ። በመጨረሻ የቫልቩ ትክትክታ፣ የቀበቶው ሲጥሲጥታ፣ አየር የሚያስገባ ቱቦ ፉጨት፣ ስም ያወጡለት ድምፆች ሁሉ አንድ በአንድ ተሰናበቱት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሱ ጆሮ ግን ባዳነቱም አልበቃው ብሎ ጨርሶ አገር ለቋል።

የሚገርመው፣ በእነዚህ ሁለት ዓመታት አንድም መኪና ተሳስቶ አልፈታም። ባለመኪና የመኪናውን ሕመም ከማንም በፊት ያውቃል፤ ሳምንቱን ሙሉ አብሮት ሲሄድ ሰምቶታል። ስሙን መጥራት ነው የሚፈራው። ጋሽ ጆሮ መዳፉን በሞተሩ ላይ በቀስታ ያንሸራትትና በዓይኑ ጠርዝ ባለቤቱን ያያል። እጁ ከክፉው ቦታ ሲደርስ ያ ሰው ምራቁን ይውጣል፣ ወይም ቅንድቡ ከፍ ይላል። ከዚያ ጋሽ ጆሮ የካቻቢቴውን እጀታ በጥርሱ ነክሶ ጫፉን ብረቱ ላይ ያስደግፋል፤ ንዝረቱ በአጥንቱ በኩል ይመጣለታል። ንዝረት ወፍራሙን በሽታ ይናገራል። ቀጭኑን ለቅንድብ ትቶት ነበር።

ይህን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ነበረች። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቤት ውስጥ ስትጠራው ወለሉን በእግሯ ሁለቴ ትመታለች። ሦስት ጊዜ ከጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዛለት ሦስቱንም አስቀርቷል።

«‹ጆሮ ጆሮ ገዝቶ መጣ› ሲሉኝ ልስማ?» ይላታል።

«እሱን እንኳ ብትሰማ ምን ነበረበት» ትለዋለች።

ወደ ቅዳሜያችን እንመለስ። ጋሽ ጆሮ ሁለት ሰው ሲናገር ይከተላል፤ አሥራ ሁለት ሰው ሲናገር ግን ከንፈር ይበዛበታል። እንዲህ ሲሆን መላው አንድ ነው፤ ራሱን መነቅነቅ። ይህ መላ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም፤ ሰው ከሚናገረው ዘጠኙ እጅ የሚሻው መልስ ያው ነውና። ፋርማሲስቷ ወደሱ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ነቀነቀ። መምህሩ ደገመው፤ ጋሽ ጆሮ እንዲያውም ዓይኑን ከድኖ ጠበቅ አድርጎ ነቀነቀ። ግቢው አጨበጨበ። ለምን እንደሚያጨበጭቡ ባያውቅም ደስ አለው።

ለምን እንደሆነ የገባው በሳምንቱ ነው። መምህሩ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ በዚህ ጊዜ ድምፁን በኩራት ከፍ አድርጎ፣ የራሳቸውን ደብዳቤ አነበበ። ደብዳቤው፣ ጋሽ ጆሮ በሙሉ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ለመፈተን መስማማቱን ይገልጻል፤ ክላክስ ወንድ ከሆነ የፈለገውን መኪና ይዞ እንዲመጣ ይጋብዛል። ከሥሩ የክላክስ መልስ ነበር። እመጣለሁ ይላል፣ የፊታችን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። በራሴ መኪና ላይ ሌላ ሜካኒክ አንድ ትንሽ እክል ይፈጥርበታል። እክሉ ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ይመጣል። የሚነዳው ምንም የማያውቀው የጋዜጣው ሾፌር ነው። ማንም አይናገርም። «እዚያ ከምንገኘው የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ።»

ጋሽ ጆሮ ይህን ሁሉ ከመምህሩ ከንፈር ላይ ለቀመና ነቀነቀ። ሌላ ምን ያድርግ?

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ፣ ታሟል ብለሽ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፊልኝ አላት።

«ታመሃል እኮ» አለችው። «ሁለት ዓመትህ።»

ሂድና ንገራቸው አለችው። እሱ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ሥራውን እንደማያጣ ያውቃል፤ እጁ ይሠራል። የሚፈራው ሌላ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ዘመድ ሩቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚለው እነዚያን አሥራ ሁለቱን ነው። እነሱ ደግሞ የመጡት ለጆሮው ነው። «ከነገርኳቸው ቅዳሜ የለኝም» አላት። ሚስቱ የገፋውን ሳህን መልሳ ወደሱ አስጠጋችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው ከወትሮው ሦስት እጥፍ ሰው ይዟል። ሚስቱም መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሮጌም አዲስም ያልሆነች ግራጫ መኪና ገባች፤ ከኋላዋ ክላክስ በእግሩ መጣ።

ሰዉ ቅር አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠሉት በልባቸው ውስጥ አሳድገውት ነበር፤ ግዙፍ፣ ባለወርቅ ሰዓት፣ ሲስቅ የሚያናፋ አድርገውታል። የመጣው ቀጭን፣ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ሰው ነው፤ ጥቁር መነጽሩ ከፊቱ ይበልጣል። ሁሉንም ዞሮ በሁለት እጁ ሰላም አለ፤ «የት ብቆም አላስቸግራችሁም?» ብሎ ጠየቀ። የሚጠሉት ሰው ጨዋ ሆኖ ሲገኝ ያናድዳል። ፋርማሲስቷ ሳታስበው «እንኳን ደህና መጣህ» ብላ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

ፖስታው ለመምህሩ ተሰጠ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ማስቲካ ማኘክ ጀመረ፤ ፊቱ እንደተዘጋ ሱቅ ነው። ሰዉ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። ክላክስ ከመኪናዋ ጎን ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ።

ጋሽ ጆሮ ጎንበስ አለ። ካቻቢቴውን ነከሰ። ሞተሩ በጥርሱ በኩል ጤነኛ ነኝ አለው፤ ብቻ ትንሽ እንደመቁነጥነጥ ይላል፣ ሐሳብ እንደያዘው ሰው። ይህ ከቀጫጭኖቹ አንዱ ነው። ዞሮ ወዳጆቹን አየ። ፊታቸው ላይ የነበረው እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ ልብ ያሞቃል እንጂ ሕመሙ የት እንደሆነ አይናገርም። ሾፌሩን አየ፤ ማስቲካ። ክላክስን አየ፤ መነጽር።

እጁን ከፊት ጀምሮ አንሸራተተ፣ ከምንም በላይ ለደንቡ ያህል። ቀበቶው ጋ ሲደርስ የክላክስ ብዕር መሮጥ ጀመረ። ወደ ካርቡሬተሩ ቀኝ አለፈ፤ ብዕሩ ሮጠ፣ ሰውየው ገጽ ሁሉ ገለጠ። ወደ ኋላ፣ በስተግራ፣ ቱቦዎቹ ወደሚተላለፉበት ሄደ። ብዕሩ ቆመ።

ጋሽ ጆሮ የደም ሥሩ ሁሉ ነቃ። እጁን ወደ ፊት መለሰ። ብዕሩ ጻፈ። ወደ ኋላ። ብዕሩ ቆመ። ክላክስ የሰው ስህተት መጻፍ የለመደ ሰው ነው፤ ስህተት ሲያይ እጁ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ትክክል ሲያይ ደግሞ የሚጽፈው ያጣል። ፊቱን ሸፍኖ መጥቷል፤ ሙያውን ግን መሸፈን አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የጣት ሥራ ነበር። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከሁሉም ቀጭኗ ላይ ሲደርስ፣ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ጣት እንደሚጠባ፣ የሆነ ነገር ቆዳውን ሳብ አደረገው።

«አጥፉት» አለ። «ይቺ ቱቦ በመርፌ ተወግታለች። አየር ትስባለች።»

መምህሩ ፖስታውን ቀደደ። አነበበው፤ ደግሞም ለራሱ አነበበው፤ ከዚያ ወረቀቱን ከፍ አደረገ። ጋሽ ጆሮ ጩኸቱን ከመስማት ይልቅ አየው፤ አፍ ሁሉ ተከፈተ፣ መሬቱ በጫማው ሥር ተንቀጠቀጠ። መምህሩ አቀፈው። የማያውቀው ሰው ሳመው።

ክላክስ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ የደከሙ፣ ሐቀኛ የሚመስሉ ናቸው። ጠጋ ብሎ፣ ብዕሩን ይዞ፣ «እንዴት ሰሟት?» አለው። «እኔ የት እንዳለች እያወቅሁ እንኳ ለመስማት ተቸግሬያለሁ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ‹ለመድኩት› ቢል ሠላሳ ዓመት በስሙ ላይ ይጨመርለታል። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ወደ በሩ ሰደደ። ሚስቱ እጇን አጣጥፋ ታየዋለች፤ ወለሉን አልመታችም።

«አልሰማኋትም» አለ። «ያየሁት ብዕርህን ነው። ስሳሳት ትጽፋለህ፣ ስጠጋ ታቆማለህ።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ፋርማሲስቷ «ልኩን ነገረው!» አለች። ጋሽ ጆሮ እጁን አነሣ፤ እስኪቆሙ ጠበቀ።

«ቀልድ አይደለም። ይህ ሰው የጻፈው እውነት ነው። ቀጭን ድምፅ ካልሰማሁ ሁለት ዓመቴ። የማየው የእናንተን ፊት ነው።»

ቀጥሎ ቁጣ መጣ። የተቆጡት ባለመስማቱ ቢሆን ደግ ነበር፤ የተቆጡት ክላክስ ልክ በመሆኑ ነው። ሰው ወዳጁ ደንቆሮ ቢሆንበት ያዝናል፤ ጠላቱ እውነተኛ ሲሆንበት ግን ቤቱ የፈረሰ ይመስለዋል። መምህሩ እጁን ወደ ላይኛው ከንፈሩ ወሰደ። ዓምና ጋሽ ጆሮ፣ ሪዝ የነዳጅ ሽታ ይይዛል፣ ለሳንባም አይበጅም ብሎት አርባ ዓመት ያቆየውን ሪዝ ተላጭቶ ነበር።

«ሪዜን!» አለ መምህሩ። «ከንፈሬን ለማየት ነው ሪዜን ያስላጨኸኝ?»

ጋሽ ጆሮ ነቀነቀ፤ በዚህ ጊዜ አውቆ።

«እኔን ስማኝ» አለች ፋርማሲስቷ ወደፊት መጥታ። «ዓምና ፋርማሲዬን ወደ ዋናው መንገድ ላዙረው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ነቀነቅህልኝ። አዞርኩት።»

«እና እንዴት ሆነ?»

«ጥሩ ሆነ። ነገሩ እሱ አይደለም!»

አንድ በአንድ መኪናቸውን አስነስተው ወጡ። ደህና ዋል ያለው የለም። ክላክስ ብቻ ቆይቶ፣ ይህን መጻፍ ይፈቀድልኝ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ጆሮ፣ አንተ ባትጽፈውም ከተማው ነገ ይጽፈዋል አለው።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ጆሮ ሐኪም ጋ ሄደ፤ በአራተኛው ቀጠሮ። መሣሪያው በወሩ ይመጣል አሉት። ደስም አላለው፣ አልከፋውም። ጋዜጣው ሲወጣ ሚስቱ ገዝታ መጣች፤ ክላክስ ስለ ወንበር ልብስ ነበር የጻፈው። ስለ ጋሽ ጆሮ አንዲት መስመር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን ራሱ ጠረገ። ከሰዓት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሆነ። ለብቻው በተቀመጠበት ግቢ ውስጥ የቆርቆሮው በር በነፋስ ሲወዛወዝ አየ፤ እንደሚንጫረር ያውቃል፤ አይሰማውም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰማያዊዋ መኪና ገባች። መምህሩ ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ፊቱን አድርቆ ቆመ፤ ለመታወቂያ ፎቶ የሚነሣ ይመስላል። ከኋላው ፋርማሲስቷ መጣች፤ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ከዚያ ሌሎቹ። ሁሉም ፊታቸውን ቆልፈው መጥተዋል። አንደኛው ምራቁን እንዳይውጥ ይመስላል፣ ጉንጩን ነፍቶ ነው የቆመው። በመካከላቸው ስለ ክላክስ ያወሩ ነበር፤ ያናደዳቸው ደግሞ ስለነሱ ሳይጽፍ መቅረቱ ነው። «ንቀት ነው» አለ አንዱ።

ጋሽ ጆሮ ወደ ሰማያዊዋ ሄዶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አደረገ። አንሸራተተ። መምህሩን አየ፤ ድንጋይ። ቀና አለ።

«መምህር» አለው። «እኔ አልሰማም። አንተ ግን ትሰማለህ። ምን ይላል?»

መምህሩ ሰባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ በመኪናው ጉዳይ ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። በመጨረሻ፣ ደረቅ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሰበር ዓይነት ይላል አለ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን አውልቃ አዳመጠችና የምን ጠመኔ፣ ይህ የክኒን ብልቃጥ ሲነቀነቅ ነው አለች። ሦስተኛው ሁለታችሁም ደንቁራችኋል አለና ወዲያው አንደበቱን ያዘ፤ ጋሽ ጆሮ ግን ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ። ክኒን ከሆነ ቫልቩ ነው፣ ጠመኔ ከሆነ ሌላ ነው አላቸው። ግማሹ ከጠመኔ፣ ግማሹ ከክኒን ወገን ሆነ። አንድ ሰዓት ተከራከሩ፤ ስለ ክላክስ አንድም ሰው አላነሣም።

ክላክስን ያነሡት ራሱ ሲመጣ ነው። ግራጫዋን መኪና እየነዳ ገባ፣ ሾፌር የለም፣ መነጽር የለም። ከቤት ስነሣ ትጮሃለች አለ፤ በዚህ ጊዜ ያስወጋሁት ነገር የለም። ተራውን ይዞ ቆመ። ተራው ሲደርስ ሞተሩን አስነሳ፤ ጋሽ ጆሮም እንደሌላው ሁሉ ምን ትላለች ብሎ ጠየቀው።

ነጭ መኪናን፣ አሮጌ መኪናን፣ የአማትን ፍርሃትና የወንበር ልብስን በቃላት ያራቆተው ሰው አዳመጠ። «እንደ...» አለ። ቆመ። እንደገና አዳመጠ። ጆሮው ሥር ላብ ታየ። «እንዴት ልበላችሁ፣ ልክ እንደ...»

«ጽሑፍ ላይ ይሻለዋል» አለች ፋርማሲስቷ።

መምህሩ፣ አንቀጹ ሳያልቅ ማቋረጥ አይፈቀድም አላት። ጋሽ ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የክላክስን ከንፈር እያየ፣ ቃሉ እስኪመጣ ጠበቀ።